የባለ ተሳቢዋ ተራ

ቀን ቀን ለሰው ክፍል አከራያለሁ። ጁባ ታውን ውስጥ ካሉት ያገሬ ሰው ሆቴሎች ባንዱ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ኤሲ ያለው፣ ኤሲ የሌለው፣ ባለ አንድ አልጋ፣ ባለ ሁለት አልጋ እያልኩ ቁልፍ ሳድል እውላለሁ። ማታ ኒምራ ታላታ ወደሚባለው ሰፈር እሄድና ርዝመቷ ከአንድ ሚኒባስ የማይበልጥ ካራቫን ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከንፈሩን ይመጥልኛል። እኔ ደግሞ ከንፈር ሲመጠጥልኝ ደሜ ይፈላል።

ካራቫን ስል፣ ፈረንጆች ለሽርሽር ከመኪናቸው ኋላ አስረው የሚጎትቷት፣ ከመሀሏ ግራና ቀኝ አንዳንድ ጎማ ያላት ነጭ ቤት ማለቴ ነው። ባለቤቴ የውኃ ቦቴ ነጂ ነው። ውኃ ከሚያደርስላቸው ደንበኞች አንዱ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ፈረንጅ ነበር፤ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲገባ ለካራቫኗ ገዢ አጣና ለባለቤቴ እንደ ነገሩ ሸጠለት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተከራየንበት ግቢ በር ላይ የቦቴው ጡሩምባ ሲጮህ ብወጣ፣ ባለቤቴ ከኋላው ነጭ ነገር አስሮ ቆሟል። ቤት ገዛሁልሽ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሰማኝ፤ እሱ ግን ሰፍነግ ያዘና መስኮቶቿን ማጠብ ጀመረ። ከባለቤቴ ጋር መጣላት እንዲህ ነው፣ ብቻሽን ነው የምትጣይው።

ገባሁ፣ ከዚያ በኋላ መውጣት አላሰኘኝም። ቀን ጠረጴዛ የነበረው ማታ ዝቅ ይልና አልጋ ይሆናል። ጋደም ባልኩበት እጄን ብዘረጋ ጋዙን ለኩሼ ሻይ እጥዳለሁ። ቤት ማጽዳት የሚሉት ነገር አንድ ዘፈን ተጀምሮ ሳይጨረስ ያልቃል። እንግዶች በኤሲው ድምፅ አልተኛንም ብለው ሲያማርሩብኝ፣ እኔ ጣሪያዬ ላይ ያለችውን መስኮት ገፋ አድርጌ በማንጎ ቅጠል መሀል ሰማይ እያየሁ እንዳደርኩ አልነግራቸውም። ቢቀኑብኝስ።

ማንጎው የባለ ግቢዋ ነው። ባለ ግቢዋ ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ልጅነቷን በስደት ኢትዮጵያ ስላሳለፈች አማርኛ እንደኔው ትናገራለች፣ ስትናደድ ብቻ ወደ ጁባ ዓረብኛ ትገባለች። ማማ እንላታለን። ከዛፉ ሥር እንድንቆም የፈቀደችልን እሷ ናት። የማንጎ ወቅት ሲደርስ የመጀመሪያው ፍሬ ጣሪያችን ላይ ዱብ ሲል፣ የጁባ ሰው ጆሮው ቀጭን ነውና፣ ሁለታችንም ተኩስ መስሎን አልጋ ሥር ልንገባ ተጋፋን። አልጋ ሥር ደግሞ ቦታ የለም፣ ሽንኩርትና ድንች ነው ያለው። ማማ ከውጭ ሆና ሆዷን ይዛ ስትስቅ ሰማናት። አሁን ለምደነዋል፣ ዱብ ሲል ቁርስ ደረሰ እንላለን።

ካራቫን ውስጥ ማኩረፊያ ቦታ እንደሌለም ተማርኩ። ሰፊ ቤት ያለው ሰው ሲጣላ በር ዘግቶ ሌላ ክፍል ይገባል። እኔ ፊቴን ባዞር ግድግዳ፣ መልሼ ባዞር የባለቤቴ ትከሻ ነው። ወጥ እየሠራሁ ደግሞ ጨው ያለው በሱ በኩል ነው፤ አቀብለኝ ማለት ግድ ይሆናል፣ ካቀበለኝ ታረቅን ማለት ነው። ምን ላድርግ፣ ጨው አልባ ወጥ አይበላ።

ይህ ሁሉ ደስታ እያለ ግን አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

የእመቤታችን ማኅበር አለን። በየወሩ በማርያም ዕለት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተረኛው ድፎ ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ቄሱ መጥተው ይባርካሉ፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። የተረከበው ሰው ጽዋውን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ወር ሲደርስ ማኅበርተኛው እሱ ዘንድ ይሰበሰባል። የማኅበሩን መሪ እንዳገራችን ልማድ ሙሴ ነው የምንለው። የኛ ሙሴ ካስተም ገበያ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ያላቸው፣ ሲገቡ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ገብቶ ቦታ ቦታውን ሲይዝ "ጽዋው ቤት ገብቷል" ይላሉ። ይህቺን ቃል ሳይሉ ዳቦ አይቆረስም።

የኔ ተራ ሲደርስ ይዘለል ነበር። በክፋት ቢሆን እኮ ምላስ አለኝ፣ እመልስ ነበር። በርኅራኄ ነው የዘለሉኝ፣ ያበገነኝም እሱ ነው። ግድ የለም ልጄ፣ ቤት ሲኖርሽ ታወጫለሽ ይሉኛል ሙሴው፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። ኮንቴይነር ውስጥ የሚኖር ማኅበርተኛ አለን፣ ከሱቁ ጀርባ ፍራሽ ዘርግቶ የሚያድርም አለ፤ ለሁሉም ደርሷቸዋል። የኔ ቤት ግን ጎማ አለው። ጎማ ያለው ነገር መኪና ነው፣ ጽዋ ደግሞ መኪና አይገባም አሉኝ። ስሜም በዚያው "ባለ ተሳቢዋ" ሆኖ ቀረ። አብሬ እስቃለሁ፣ አንጀቴ ግን እርር ይላል።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የማኅበሯን ተራ አንድም ጊዜ አላሳለፈችም። ያጣች ለታ ንፍሮ ቀቅላ አውጥታለች። ሰው ካልገባበት ቤት ሳይሆን ዕቃ ቤት ነው የምትል ሴት ነበረች። እኔ በየሰው ቤት ስበላ ስጠጣ ከርሜ እኔ ጋ የበላ ሰው አልነበረም። እንግዳ ልሂድ ብሎ ብድግ ሲል "ምን አስቸኮለዎት፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ቤትዎ ነው" የሚባለው አለ አይደል? ሆቴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንኳን ደህና መጡ እላለሁ፤ ይህችን ግን ለማንም ብያት አላውቅም። ብትስቁብኝም፣ ያማረኝ እሷን ማለት ነበር።

ታዲያ አንድ ወር፣ ጽዋውን መረከብ የነበረበት ሰው ለእህቱ ሠርግ አገር ቤት ገባ። ሙሴው ማን ይረከብ ብለው ጠየቁ። ክረምት ነበር፣ ሥራ የበዛበት ወር ነበር፣ ሁሉም እግር እግሩን ያያል። እኔ ዘልዬ ተነሣሁና እጄን ዘረጋሁ። ባለቤቴ ነጠላዬን ሲጎትት ተሰምቶኛል፣ አልሰማሁም። ሰው የዘረጋውን እጅ ጽዋ መከልከል ነውር ነው፤ ሙሴው ይህን ያውቃሉ፣ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ።

"ማኅበርተኛው በሙሉ ከጣሪያሽ ሥር ከተቀመጠ ቃሌን እላለሁ" አሉ። "አንድ ሰው ውጭ ከቀረ ግን ልጄ፣ ሁለተኛ የተራ ነገር እንዳታነሺብኝ።"

እሺ ጋሼ አልኩና ጽዋውን ወሰድኩ።

ያን ወር እንደ ሠርግ ቤት ነው የከረምነው። ባለቤቴ ፍራሹን አውጥቶ፣ የቁም ሳጥኑን በር ነቅሎ፣ በስንዝር እየለካ ማን የት እንደሚቀመጥ ያሰላል። ሕፃናቱን ከላይኛዋ መደርደሪያ ላይ፣ ቀጫጭኖቹን በምድጃው በኩል፣ ሙሴውን ከፊት። ጌሾ ከካስተም ገዝቼ ማማ ጓሮ ጠላ ጠመቅሁ። ዳቦውንም እዚያው ጋገርን፣ በሩ ጠባብ ስለሆነ ግን በጎኑ አድርገን እንደ ሶፋ ነው ያስገባነው። ማማ ይህን ሁሉ ለአንዲት ኩባያ ነው ወይ ብላ ትገረማለች፤ እየተገረመች ግን ከሰል ታቀርባለች።

በዋዜማው ሲዘንብ አደረ። ጠዋት በሩን ስከፍት የኒምራ ታላታ መንገድ የለም፣ ያለው ቡናማ ውኃ ነው። ባለቤቴ ቦቴው ረጅም ነው፣ ያልፋል አለ። የማኅበርተኛው ትንንሽ መኪና ግን አያልፍም። ከቅዳሴ በኋላ ሙሴው ደወሉ። መንገዱ ላይ ደርሰው እንደተመለሱ፣ አሁን ሁሉም ካስተም እሳቸው መጋዘን ግቢ ውስጥ እንደተሰበሰበ ነገሩኝ። አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያመጣው ነው፣ ዳቦውንና ጠላውን በቦቴ ላኪልን፣ እዚሁ መጋዘኑ ውስጥ እንባርከዋለን አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ያ ርኅራኄያቸው አለ። ስልኩን ዘጋሁና ደረጃዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንደ ልጅ፣ ንፍጤን በነጠላዬ እየጠረግሁ።

ማማ መጥታ ከፊቴ ቆመች። መጀመሪያ በዓረብኛ ተቆጣች፣ ቀጥላ በአማርኛ።

"እኔ ቤቴን በጭንቅላቴ ተሸክሜ ስንት ወንዝ ተሻግሬያለሁ" አለችኝ። "ያንቺ ቤት እግር አለው። ምን ያስለቅስሻል?"

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሞኝነታችን! ከመጣን ጀምሮ ቤቷ ቤት ናት ብለን ከሰው ጋር ስንከራከር፣ እንደምትሄድ ራሳችን ረስተነዋል። ባለቤቴ ቦቴውን ሊያዞር ሮጠ። ጎማዎቹ ተንፍሰው፣ ሣር በቅሎባቸው፣ የማማ ዶሮ ከሥራቸው እንቁላል ጥላ ነበር። እንቁላሉ ተነሣ፣ ጎማው ተነፋ። ከኋላዋ እንዳትወርድ ብለን የደገፍንባቸው ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ነበሩ፤ ባለቤቴ እየጎተተ ወደ ማንጎው ግንድ አስጠጋቸው። እዚያው ቀሩ። ድንጋዮቹን ልብ በሉልኝ።

ባለቤቴ ከፊት አብሬው እንድቀመጥ ለመነኝ፣ እምቢ አልኩ። ጽዋውን ታቅፌ፣ እግሬን ለጠላው ጀሪካን ድጋፍ አድርጌ ካራቫኗ ውስጥ ተቀመጥኩ። ውኃው መሀል ስንገባ ቤቴ ጀልባ ሆነች። ሳህኖቹ ይንጫጫሉ፣ እኔ እመቤቴን እጠራለሁ፣ በመስኮት ሕፃናት እየሮጡ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፣ ሰው የሚያመላልሱ የቦዳ ቦዳ ሞተረኞች ጡሩምባ ይነፉልናል። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ዴ ሹኑ፣ ይሄ ምንድን ነው አለ። ባለቤቴ በሚያውቃት ጥቂት ዓረብኛ ዴ ቤት ታና፣ ይሄ ቤታችን ነው ብሎ መለሰለት። ፖሊሱ በመስኮት ወደ ውስጥ አየ፤ ነጭ የለበሰች፣ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር የታቀፈች፣ ከጎኗ ጎማ የሚያህል ዳቦ ያለባት ሴት ዓይኗን አፍጥጣ ታየዋለች። ሰላምታ ሰጥቶኝ አሳለፈን። ከማኅበርተኛው ሁሉ ቀድሞ ቤት መሆኗን ያመነልኝ እሱ ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ካስተም ስንደርስ ከኡጋንዳ የመጡ ከባድ መኪናዎች ሽንኩርትና ዘይት እያራገፉ ነበር። አውራጆቹ ሸክማቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡልን። ሙሴው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ካራቫኗን ዞሯት፣ ሊገዙ እንደመጡ ሰው። ጎማዋን በጫማቸው ነካ አደረጉት።

"ከቦቴ ጋር እንደተያያዘች ተሳቢ ናት" አሉ። "ፍቷት።"

ባለቤቴ ጋሼ ሳትፈታ ብትቆይ ይሻላል ሊል አፉን ከፈተ። ገላመጥኩት። ፈታት። የፊት እግሯን መሬት ላይ አውርዶ ቦቴውን ወደ ጥግ አስጠጋው። ካራቫኗ በሁለት ጎማና በአንድ ቀጭን እግር ብቻዋን ቆመች።

እንግዲህ ግቡ ተባለ። ጫማቸውን ደጅ አወለቁ፣ ጫማው ተራራ ሆነ። በሩ ከኋላ በኩል ነው፤ የክብሩ ቦታ፣ ባለ ትራሱ፣ ከፊት ነው። የኛን ሰው ታውቁት የለ? አንድም ሰው ወደፊት አልገባ አለ። ወደ ላይ ግቡ እላለሁ፣ አይ እዚህ ይበቃኛል፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ በሞቴ እርስዎ። ሁሉም በሩ ሥር ተጣብቆ የክብሩ ቦታ ባዶውን ቀረ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ፈቀቅ ያለ መሰለኝ። በልመና፣ በግፊያ፣ በመጨረሻም ሳልፈልግ በቁጣ እየለየሁ ወደፊት አስቀመጥኳቸው። ትልልቆቹን ሴቶች ከፊት፣ ሙሴውን ከመሀላቸው። ሕፃናቱ መደርደሪያው ላይ ወጡ። ጉልበት ከጉልበት ገጠመ፣ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ጠላ የሞላሁበትን ጽዋ ታቅፌ ምድጃውን ተደግፌ ቆምኩ። ቆጥሬ አልጨረስኩም፣ ግን ውጭ የቀረ አልነበረም። ባለቤቴ ብቻ ደጅ ነበር፤ ተረኛ ቤተኛ ነው፣ አይቆጠርም አልን። ሙሴው ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ። ቃላቸው ከንፈራቸው ላይ ደርሳለች። ቄሱ ብቻ ቀርተዋል፣ ጭቃቸውን እየጠረጉ ነው።

ቄሱ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳረፉ።

"ኖር" አለ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ፣ ብድግ ብሎ። ቄስ ሲገባ ተቀምጦ የሚጠብቅ ማን አለ? መነሣት ብቻ ቢሆን ደህና። ከፊት ያሉት የክብሩን ቦታ ለቄሱ ሊለቁ፣ መስቀልም ሊሳለሙ፣ ሙሴው ቀድመው፣ ሁሉም ወደ በሩ መጡ።

ያን ጊዜ ቤቴ ተነሣች። የፊት እግሯ መሬቱን ለቀቀ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ፣ ጅራቷ ወደ መሬት። ሳህኖቹ ወረዱ። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ መጣና የሙሴው ሆድ ላይ ቆመ። ሴቶቹ እመቤቴን ጠሩ። እኔ በጀርባዬ ምድጃው ላይ ተለጥፌ ጽዋውን ወደ ላይ ያዝኩ፤ ጠብታ አልፈሰሰም። በሩ ግን ወደ ቄሱ ዝቅ ብሎ ደረጃው መሬት ነካ። አውራጆቹ ከውጭ ሲጮሁ ይሰማኛል። አለቀልኝ አልኩ። ድንጋዮቹ ኒምራ ታላታ ከማንጎው ሥር ታዩኝ። የእናቴ ፊት ታየኝ። ከዛሬ በኋላ እስክሞት ባለ ተሳቢዋ ነኝ።

ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ ላይ ያዘነበለውን ወለል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቆመውን ሕዝብ ተመለከቱ። ፊታቸው አልተለወጠም።

"በእግዚአብሔር" አሉ። "እናንተም ተቀመጡ። ቤቱም ይቀመጥ።"

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ ማን ሳቅን ይገታዋል? እየሳቁ፣ እየተያያዙ፣ ዳቦውን ተሸክመው ወደፊት ተመለሱ። ካራቫኗም ቀስ ብላ ወረደችና እግሯን መሬት አሳረፈች። ቄሱ ገቡ፣ ከፊት ተቀመጡ። ሙሴው ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም እሳቸውን አየ፣ እኔ ግን ማየት አቃተኝ።

"ዕድሜዬን ከመኪና ጋር ነው የኖርኩት" አሉ። "ለቄስ የተነሣ መኪና አይቼ አላውቅም። ጽዋው ቤት ገብቷል።"

እልል ተባለ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፤ እኔ አንዴ ሳቅ አንዴ ልቅሶ እያልኩ ማን ምን እንደጠጣ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ከመቀመጫው የተነሣ ሰው ሁሉ አስፈቅዶ ነው፤ አንዱ ወደ በሩ ሲመጣ ሌላው ወደፊት እየሄደ ቤቷን እኩል አደረግናት። ባለቤቴም በመስኮት ዳቦውን ተቀብሎ በላ።

መሸት ሲል ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ ተሰጠና ሰው አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር። ያን ጊዜ ሙሴው ሳይጠየቁ ከፊት ጥጉ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። እኔ ይዤልሻለሁ፣ አስወጫቸው አሉኝ። ሰው ሁሉ እስኪወርድ ድረስ ያንን ትከሻቸውን ይዘው ቤቴን መሬት ላይ አቆዩልኝ። የመጨረሻው ሰው ጫማውን ፈልጎ ሲሄድ፣ እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እንግዲህ እኔም ልሂድ ብለው ብድግ አሉ።

ጠላ የቀረበትን ማሰሮ አነሣሁ።

"ምን አስቸኮለዎት ጋሼ?" አልኳቸው። "ይቀመጡ እንጂ፣ ቤትዎ ነው።"

ተመልሰው ተቀመጡ።